መጠበቅ የማያውቀው ስርዓት

ልብስ ሰፊዋን «ከሱቅሽ በላይ የሚኖረው ወንድምሽ ሥራው ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው። «ጨዋታ ያሻግራል» ትለዋለች፣ ስፒሉን ከከንፈሯ ሳታወጣ። ጠያቂው ሰው በጀልባ የሚያሻግር መስሎት አንገቱን ይነቀንቃል። እሷም አታርመውም፤ ትክክለኛው ማብራሪያ ከዚህ የበለጠ እንደማያስከብር ታውቃለችና።

ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። የዓለም ኮምፒውተሮች በአብዛኛው የሚያድሩት ለሁለት ለሦስት ታላላቅ ስርዓተ ክወናዎች ነው። ስርዓተ ክወና ማለት በማሽኑና በፕሮግራሞቹ መካከል ተቀምጦ «አንተ ግባ፣ አንቺ ቆይ፣ አንተ ድምፅህን ቀንስ» እያለ የሚያስተናግድ፣ ዘበኛም ጸሐፊም የሆነ ነገር ነው። የእኛ ሰው ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የራሱን ጻፈ። ጓደኞቹ ተመረቁ፣ አገቡ፣ ወፈሩ፤ ስርዓቱ እንደ ሙት ልጅ እሱ ላይ ቀረ። ዛሬ ተጠቃሚዎቹ ሁሉ ተሰብስበው አንድ ሚኒባስ ቢሳፈሩ ይበቃቸዋል፤ እሱም ሳይሞላ እንዳይሄድ ሹፌሩ ጥቂት መጠበቅ ይኖርበታል።

የሚኒባሱ ሰዎችም እንደ ሰው መጫወት ያምራቸዋል። ግን ለአንድ ሚኒባስ ሰው ብሎ ጨዋታ የሚሠራ ኩባንያ የለም። ስለዚህ አሻጋሪው (ሰፈሩ የሚጠራው እንዲህ ነው) ለታላላቆቹ የተሠራውን ጨዋታ ወስዶ፣ ስፌቱን ፈትቶ፣ በእሱ ስርዓት ልክ መልሶ ይሰፋዋል። አበሳው ብዙ ነው። ጨዋታው «ጥላ ሣልልኝ» ሲል ስርዓቱ ስክሪኑን በሙሉ ያጨልመዋል። ጨዋታው «ሙዚቃ» ሲል ስርዓቱ «እሱ ደግሞ ማነው?» ይላል። ሁለት የማይግባቡ አማቾችን ማስታረቅ በሉት። እህቱ በበኩሏ «ያለ ሙሽራ ሰርግ» ትለዋለች።

ሙሽራዋም የመጣችው በዚሁ በር ነው።

ሠዓሊዋ የምትሠራው ጨዋታ የሚሠራ አንድ ኩባንያ ባለበት የመስታወት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ኩባንያው የእናቷ ነው። የጨዋታዎቹን ሰዎች ትሥላለች፤ እንዴት እንደሚራመዱ፣ መቼ እንደሚስቁ፣ ስንት ጊዜ ዞር ብለው እንደሚያዩም ራሷ ትጽፋለች። አሻጋሪው የመጀመሪያውን ጨዋታዋን ሲያሻግር «ዝናቡ እኔ ጋ ወደ ላይ ይዘንባል፤ ሆን ብላችሁ ነው ወይስ እኔ ነኝ?» ብሎ ጻፈላት። «አንተ ነህ፤ ግን ሳያምር አይቀርም፤ ፎቶ ላክልኝ» ብላ መለሰች።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ይሄድ ጀመር። የሙያው ሕግ ነው። አሻጋሪ ያሻገረውን ከዋናው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ሳያስተያይ «ጨረስኩ» አይልም። የእሱንና የእሷን ስክሪን አጠገብ ለአጠገብ አድርገው፣ እኩል እየተራመዱ፣ «የእኔዋ ሳቀች፣ ያንተዋስ?» ይባባላሉ። ትዕይንት ሲቀየር ስክሪኑ ለአፍታ ይጨልማል። ያኔ ሁለቱም ፊታቸው መስታወቱ ላይ ተንጸባርቆ ይታያል፣ አንዱ ሌላውን ሰርቆ ሲያይ። ጨዋታው ብዙ ትዕይንት እንዲኖረው ሁለቱም አጥብቀው ይከራከሩ ነበር።

አንድ ሐሙስ እናትየዋ ገቡ። በሠራተኛው አፍ «እትዬ ዋና» ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ስርዓትህ ስንት ሰው ይጠቀምበታል?»

«አንድ ሚኒባስ የሚሞላ ያህል፣ እትዬ።»

«ልጄ ደግሞ ሚኒባስ ተሳፍራ አታውቅም» አሉና ወጡ። በሩን በቀስታ ነበር የዘጉት። ቢያላትሙት ይሻለው ነበር።

እንዲህም ሆኖ፣ በሳምንቱ፣ በሕንፃው ደረጃ ላይ፣ ኮምፒውተሩን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ «እንጋባ ወይ?» አላት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ኮምፒውተር ታቅፈው እንደማይጠይቁት የነገረው ሰው አልነበረም። ሠዓሊዋ እሱን አየችው፤ ቀጥላ ላይ ፎቅ ያለውን የእናቷን መስኮት አየች።

«አፌ ይተሳሰራል» አለችው። «እኔ የሚቀናኝ ሥዕል ነው። የአዲሱን ጨዋታ መጨረሻ ለውጬ እልክልሃለሁ። አሻግረህ እየው፤ መልሴ እዚያ ነው።»

የጨዋታውን መጨረሻ ያውቀዋል። ቢጫ ጃንጥላ የያዘች ልጅ የጀልባ መሳፈሪያ ላይ ትቆማለች። ተጫዋቹ ከሩቅ፣ በረጅሙ መንገድ ወደ እሷ ይመጣል። ቶሎ ከደረሰ ያገኛታል፤ ከዘገየ ጀልባው ይወስዳታል።

አዲሱ ትዕይንት ሲደርሰው በሩን ዘግቶ አሻገረው። ከፈተው። ልጅቷ መሳፈሪያው ላይ ታየች። ጃንጥላዋን ሳትዘረጋ፣ ተጫዋቹ ገና አንድ እግሩን ሳያነሳ፣ ዞር አለችና ጀልባው ላይ ወጣች። ጀልባው ሄደ። ደገመው፤ ደግማ ሄደች። በሦስተኛው ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ አስቀምጦ ጠበቃት፤ አልቀደማትም።

ጎን ለጎን ሊያስተያይ አልሄደም። በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጉን ተላለፈ። እምቢታን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ስክሪን ማየት ለማን ይጠቅማል? ቤቱ ውስጥ ደግሞ የሌላ ስርዓት ኮምፒውተር የለም፤ ለእሱ እንዲያ ያለውን ማስገባት ሚስት ላይ ውሽማ እንደማምጣት ነበር። ጨዋታውን እንዳለ ለሚኒባሱ ሰዎች አከፋፈለና ለሠዓሊዋ እንዲህ ሲል ጻፈላት፦

«መልሱ ደርሶኛል። በአክብሮት ተቀብያለሁ። ስላደረግሽልኝ ትብብር አመሰግናለሁ።»

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጡረታ ለሚወጣ ዘበኛ ይጻፋል። እሱ ግን ልቅሶውን በዚህ ብቻ ነበር መሸፈን የቻለው።

* * *

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ አሻጋሪው እህቱ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የስፌት መኪናዋን ዘይት ሲያጠጣ ግራጫ ካፖርት ተሰቅሎ አየ። አወቀው።

«የሷ ነው» አለች እህቱ፣ ስፒሎቹ መሃል በቀረችው ክፍተት። «እጅጌውን አሳጥሪልኝ ብላ ላከችው። ባሕር ማዶ ወዳለው ቅርንጫፋቸው ልትሄድ ነው፤ ሰኞ።»

«መልካም መንገድ» አለ።

«መልካም መንገድ ይላል እንዴ! አንተ፣ እዚህ ከተማ ሰፊ ጠፍቶ ነው መስታወት ቤት የምትውል ልጅ ለእኔ ካፖርት የምትልከው? ደግሞ እጅጌው ልኳ ነው። ለካሁት። ምኑን ላሳጥረው?»

«እታለም፣ መልሷን ሰጥታኛለች።»

«ልብ ካላየ ዓይን አያይም» አለች እህቱና ፔዳሉን ረገጠች። የመኪናው ድምፅ መካከላቸው ገባ። አሻጋሪው ካፖርቱን ላለማየት ዘይቱን መሬት ላይ አፈሰሰ።

ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። ደዋዩ ከሚኒባሱ ሰዎች ሁሉ አንጋፋው፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ሰላምታ አይወዱም።

«አንተ ልጅ፣ ይቺን ልጅ ምን አድርገሃት ነው?»

 «የትኛዋን ጋሼ?»

«ባለ ጃንጥላዋን ነዋ! ምን አስቀይመሃት ነው እንዲህ የምትከንፈው?»

«መጨረሻው እንዲያ ነው ጋሼ። ትሄዳለች።»

«ማን አባቱ አለህ! ትናንት ልጄ ቤት፣ በነሱ ኮምፒውተር፣ እኔው ራሴ ተጫውቼዋለሁ። ስከፍተው ቆማለች። ምሳ ቀረበ ተብዬ ሄድኩ፤ በላሁ፤ ሸለብ አደረገኝ፤ ተነስቼ መጣሁ። እዚያው ናት! ጃንጥላዋን ዘርግታ መንገድ መንገዱን ታያለች። ጀልባው ሲመጣ በእጇ ሂድ ትለዋለች። ሌላው ሲመጣ ያንንም ትመልሰዋለች። አፈርኩኮ፤ ሮጬ ደረስኩላት። የኛው ላይ ግን ወንበሬን ሳላስተካክል ትሄድብኛለች። ሃሎ? ተቆረጠ እንዴ?»

«አልተቆረጠም ጋሼ» አለ አሻጋሪው፣ በማይሰማ ድምፅ።

«እንግዲያው ነውሩ የስርዓታችን ነው። ፈልገው!»

ደረጃውን እንዴት እንደወጣ አያውቀውም። የሠዓሊዋን ጽሑፍ ከፈተ፤ የጃንጥላዋን ልጅ ባሕርይ የጻፈችበትን ቦታ አገኘ። «ጠብቂ» የሚል ትእዛዝ አለ። ከጎኑ ምን ያህል ጊዜ እንደምትጠብቅ የሚናገር ቁጥር አለ፤ ኔጌቲቭ አንድ። ሙያተኛ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ በታላላቆቹ ስርዓቶች ዘንድ ከዜሮ በታች የሆነ የመጠበቂያ ጊዜ ማለት ያለ ገደብ ማለት ነው። እስኪመጣ። መምጣቱ ባይታወቅም።

ቀጥሎ የራሱን ስርዓት ከፈተ፤ መጠበቅን የሚያስተናግደውን ክፍል። እሱ ራሱ፣ በተማሪነቱ የጻፈው ነው። እዚያ ላይ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር የመጣ እንደሆነ እንደ ዜሮ ይቆጠር ይላል። አትጠብቅ ማለት ነው። ከበላዩ ደግሞ፣ ለራሱ ማስታወሻ ብሎ፣ በወጣት ሰው ትዕቢት እንዲህ ጽፏል፦ «ያለ ገደብ የሚጠብቅ ፕሮግራም የተበላሸ ፕሮግራም ነው።»

እሷ «ዕድሜ ልኬን» ብላ የላከችው በእሱ እጅ ሲያልፍ «ደህና ሁን» ሆኖ ነበር።

* * *

ወርዶ ለእህቱ ነገራት። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የስፒል ትራሷ ላይ ሰካቻቸው። ይህን የምታደርገው ለቀብርና ለቁም ነገር ነው።

«መቼ ነው ያንን የጻፍከው?»

«እማዬ ያረፈች ሰሞን።»

 አባታቸው «መጣሁ» ብሎ ከወጣበት ቀን አንስቶ እናታቸው ወንበሯን ከመስኮቱ ሥር አንስታ አታውቅም ነበር። ሰው ሲመጣ እንኳ አንድ ዓይኗ ውጭ ነው። ልጅ ሆኖ ያንን ወንበር ይጠላው ነበር።

«እማዬ ላይ በኮምፒውተር ፈረድክባት?» አለች እህቱ፣ ሳትቆጣ። «ስማኝ ወንድምዬ። እማዬን መጠበቋ አልጎዳትም። የጎዳት የማይመጣ ሰው መሆኑ ነው። ይቺ ልጅ ግን የምትጠብቀው ሰው እዚሁ ከጣሪያዬ በላይ ጋደም ብሎ ኮርኒስ ይቆጥራል!»

ስቆ አያውቅም እንደዚያ። ሳቁ መሃሉ ላይ ሲሰበር እህቱ ፊቷን ወደ ካፖርቱ አዞረችለት።

አቋራጭ ነበረው። ስርዓቱን ሳይነካ፣ ጨዋታው ውስጥ ኔጌቲቭ አንዱን ሰርዞ ትልቅ ቁጥር ይተካበታል፤ ሺህ ዓመት፣ ለምሳሌ። ማን ቆጥሮ ይደርስበታል? አሻጋሪ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ቀዳዳውን በእራፊ መድፈን። ጣቶቹ ሊጽፉት ተዘጋጅተው ሳለ አሳፈረው። እሷ የጻፈችው ሺህ ዓመት አልነበረም።

ስርዓቱን ራሱን መለወጥ ግን ሌላ ጣጣ ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የሚኒባሱ ሰዎች የጻፏቸው ፕሮግራሞች «ከዜሮ በታች ማለት አትጠብቅ ማለት ነው» የሚለውን አምነው ተሠርተዋል። ሕጉን ሲገለብጠው የመምህሩ ማስያ ደርቆ ቀረ፤ የሌላው ደብዳቤ መጻፊያ አልከፈት አለ። ቅዳሜንና እሑድን አንድ በአንድ እየፈታ ሰፋቸው። እህቱ ሻይ እያመጣች፣ የበረደውን እየመለሰች፣ ምንም ሳትጠይቅ ዋለች። እሑድ ጀንበር ሳትጠልቅ ጨዋታውን ከፈተ።

ቢጫዋ ጃንጥላ ተዘረጋች። አሻጋሪው ኪቦርዱን አልነካም። ጀልባ መጣ፤ ልጅቷ በእጇ መለሰችው። መስኮቱ ሥር ያለውን የእናቱን ወንበር በዓይነ ኅሊናው አየ፤ ያን ቀን ግን አልጠላውም።

የድሮውን ማስታወሻውን አጠፋው። በቦታው ምንም አልጻፈም።

* * *

ሰኞ ጠዋት ካፖርቱን በክንዱ ጥሎ፣ ኮምፒውተሩን ታቅፎ መስታወት ሕንፃው ገባ። ሠዓሊዋ እርሳሶቿን ካርቶን ውስጥ እየከተተች ነበር። ቀና አላለችም።

«ካፖርቱን ነው ያመጣኸው?»

«ካፖርቱንም።»

«በአክብሮት ተቀብያለሁ» አለችው። «ስላደረግህልኝ ትብብር አመሰግናለሁ። ማኅተም ብቻ ነው የቀረህኮ! እኔ አፌ ቢተሳሰር፣ ባገኘሁት ቋንቋ ልቤን ቆርጬ ላክሁልህ። አንተ ደብዳቤ ቁጥር ልትሰጠው ምንም አልቀረህ!»

«ሄደሽብኝ ነበር።»

«ማን ነው የሄደው? እኔ እዚሁ ወንበር ላይ አይደለሁ?»

«የእኔ ስርዓት ላይ። ጃንጥላሽን ሳትዘረጊ፣ ገና አንድ እግሬን ሳላነሳ፣ ጀልባው ላይ ወጣሽ። ኔጌቲቭ አንድ ብለሽ የላክሽውን የእኔ ስርዓት ዜሮ ብሎ አነበበው። እኔ ነኝ እንዲያ ብሎ እንዲያነብ የጻፍኩት።»

እርሳሱ ከእጇ ካርቶኑ ውስጥ ወደቀ። የሙያው ልጅ ናትና ሁለተኛ አላስደገመችውም። ዓይኖቿ ብቻ ቀስ እያሉ ሞሉ።

«ጎን ለጎን አላስተያየኸውም?»

«አላስተያየሁም።»

«አንተ? ለአንድ ዝናብ አቅጣጫ ሐሙስ በመጣ ቁጥር የተከራከርከኝ ሰውዬ?»

«ዝናቡን አልፈራውም ነበር» አላት።

ሳቅ አመለጣት፤ እንባዋም አብሮ። ባመጣላት ካፖርት እጅጌ ፊቷን ጠረገችና፣ እንደ ባለሙያ ለመሆን እየሞከረች፣ «ታዲያ እንዴት አስተካከልከው? ትልቅ ቁጥር ተካህበት?» አለች።

«ሺህ ዓመት ልጽፍ ነበር።»

«ሺህ ዓመትም ያልቃል።»

«አውቃለሁ። ስርዓቱን ቀየርኩት።»

«ለአንድ ትዕይንት ብለህ ሁሉንም?»

«ለትዕይንቱ አይደለም» አለ።

ሠዓሊዋ መስኮቱን አየች፣ ካርቶኑን አየች፣ በመጨረሻ እሱን አየችው።

«እሄዳለሁኮ» አለችው ቀስ ብላ። «እማዬ እንድረሳህ ብላ ነው የላከችኝ፤ እኔ ግን ሥራውን ለራሴ ወድጄዋለሁ። እዚያ የሚሠራው ጨዋታ ሲያልቅ እመጣለሁ። መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም፤ ጨዋታ መቼ አልቆ ያውቃል? እንግዲህ ተራው ያንተ ነው። ስርዓትህ መጠበቅ ያውቃል?»

«ከትናንት ጀምሮ» አላት።

ነጋሪ ሳያስፈልጋቸው ሁለቱን ስክሪኖች አጠገብ ለአጠገብ አደረጉ። ሁለቱንም እኩል ከፈቱ። ሁለት ልጆች፣ ሁለት ቢጫ ጃንጥላ፣ አንድ ዝናብ፤ ወደ ታች የሚዘንብ። ሁለቱም ኪቦርዱን አልነኩም። ጀልባዎቹ እኩል መጡ፤ እኩል ተመለሱ። በሁለት ጀልባ መካከል ስክሪኑ በጨለመባት ቅጽበት ሁለቱ ፊቶች መስታወቱ ላይ ተገናኙ፤ በዚህ ጊዜ ማንም ሰርቆ አላየም።

እትዬ ዋና የጉዞ ወረቀቶቹን ይዘው ሲገቡ ያገኟቸው እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ ልጃቸውን አዩ፤ ቀጥለው ግራጫውን ካፖርት፤ ቀጥለው ባለ ጃንጥላዋ ከቦታዋ የማትነቃነቅባቸውን ሁለት ስክሪኖች።

«ምን ሆኖ ነው ይሄ? ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም እትዬ» አለ አሻጋሪው። «እየጠበቀች ነው።»

«እስከ መቼ?»

ሠዓሊዋ የእናቷን እጅ ያዘች። «ገደብ የለውም እማዬ።»

እትዬ ዋና ለማንም ቆመው አያውቁም፤ ሊፍት እንኳ ሲዘገይባቸው ይገስጹታል። አሁን ግን ጎንበስ ብለው ወደ ትንሹ ኮምፒውተር ተጠጉ፤ ወደ ሚኒባሱ። ጀልባ መጣ። ባለ ጃንጥላዋ በእጇ መለሰችው። ሌላ መጣ፤ ያንንም መለሰችው። አንገቷን የምታዞርበት መንገድ የልጃቸው ነበር፤ ግን ፈርታ ሳይሆን፣ ልቧ ቆርጦ። ስንት ዓመት አብረው ሲኖሩ ይህን አንገት በዚህ ሁኔታ አይተውት አያውቁም።

ወንበር ስበው መሃላቸው ተቀመጡ።

ከታች፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው መኪና ጡሩምባ አሰማ። ደገመ። ሠዓሊዋ ወደ በሩ ስትመለከት እናትየዋ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ እጃቸውን ጉልበቷ ላይ ጫን አደረጉ።

«ይጠብቅ» አሉ።